ተጠባባቂው አራጋው

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ስልኬ ጮኸ። ምስጋናው ነበር፤ መርሳ ላይ ፍራፍሬ የሚጭን፣ ከአራጋው ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው። «የሺ፣ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። «አራጋው አረፈ። ወደ ውርጌሳ ልንወስደው መኪና እየፈለግን ነው» አለና ዘጋው። ምስጋናው በስልክ ብዙ ማውራት አይሆንለትም።

ያን ዕለት ያለቀስኩት በሐዘን ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እፍረትም ነበረበት። ከሞቱ ሁለት ቀን በፊት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ወልድያ ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የኖረውን ወሬ በሆዴ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ሳልነግረው ወጣሁ። ለምን እንዳልነገርኩት የሚገባው ሰው ካለ አራጋውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

አራጋው ሥራ ፈላጊ ነበር። ሌላ ሰው ገበሬ ነው፣ ሾፌር ነው፣ አስተማሪ ነው እንደሚባለው ሁሉ እሱ ሥራ ፈላጊ ነው ይባል ነበር። በማኔጅመንት ተመርቋል። እናቱ ውርጌሳ አጠገብ ካለ የገጠር ቀበሌ በሬዋን ሸጣ ነው ያስተማረችው። ከተመረቀ ጀምሮ መርሳ ላይ ማንጎና ብርቱካን በሳጥን እየደረደረ አይሱዙ ላይ ይጭናል። የማንጎው ወተት እጁን እየላጠ መዳፉንና ጣቶቹን አጥቁሮት ነበር። ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ቀን በሎሚና በጨው ሲፈትገው ያረፍዳል፤ እጁ ከመቅላት በቀር ምንም ለውጥ አያመጣም። ረጅም ነው፤ ትንሽ ጎበጥ ይላል። ሲያወራ አንድ እጁን ከጎድኑ ሥር ማድረግ ልማዱ ነበር። ምነው ሲሉት «ጨጓራዬ ናት፤ እሷም ሥራ ትፈልጋለች» ይላል።

እኔ ያወቅኩት ተመርቄ መርሳ እናቴ ቤት በተቀመጥኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። እናቴ «ልጅሽ ምን ደረሰች?» ለሚላት ሁሉ «እየጠበቀች ነው» ማለት ሰልችቷት፣ ጠያቂ ሲመጣ ወደ ጓዳ መግባት ጀምራ ነበር። መርሳ ላይ ሥራ የሚፈልግ ሰው ጠዋት ጠዋት የሚሄደው ከመሥሪያ ቤቶቹ ግቢ በር አጠገብ ወደቆመው ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። መስታወቱ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ወረቀቱን ነፋስ ይገለብጠዋል። አራጋው ሁሌም ከፊት ነው የሚቆመው። ወረቀቱን በአንድ እጁ ይዞ፣ ከኋላ ቆመን ለማይታየን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልናል፤ የሥራ መደቡን፣ ደረጃውን፣ የሚያስፈልገውን ልምድ፣ የምዝገባውን ቀን። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ ይገለብጠዋል።

አንድ ቀን ዞር ብሎ «አንቺ በምን ነው የተመረቅሽው?» አለኝ።

«በማኔጅመንት።»

«እኔም። እንግዲያ ጠላቶች ነን» አለና ሳቀ። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የፍራፍሬ መጋዘኑ ጋ ነይ። ጠላት መሠልጠን አለበት።»

«እሺ ጋሼ፣ እመጣለሁ። እርስዎም...»

«ተይ ተይ! አንቱታ ሥራ ለያዘ ነው። ሥራ ፈላጊ አያረጅም፤ አንተ በይኝ።»

እሁድ ስሄድ ሰባት ስምንት ሆነው ተሰብስበዋል፤ አንዳንዱ ከሲሪንቃ፣ አንዳንዱ ከላይ ከደጋው የመጣ ነው። አራጋው ባዶ የማንጎ ሳጥኖችን ደራርቦ ሦስት ቦታ አቁሟቸዋል። ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ ሳጥን ብቻውን ተደፍቶ ተቀምጧል፤ የተጠያቂው ወንበር እሱ ነው። አራጋው ሦስቱን ሳጥኖች አንድ በአንድ አስተዋወቀን። «ይኸኛው ሰብሳቢው ነው። አያያችሁም፤ ስልኩን ነው የሚያየው። እንዳትቀየሙት። ይኸኛው ከሰው ሀብት ነው፤ ፊቱ አይፈታም፣ ነጥብ ግን ይሰጣል። ይኸኛው ደግሞ ወንበር ለመሙላት የመጣ ነው። እሱን ነው መፍራት፤ ያልተጠበቀውን ጥያቄ የሚጠይቅ እሱ ነው።» እየተዟዟረ ከየሳጥኑ ኋላ ቆሞ በየድምፃቸው ይጠይቃል። መጀመሪያ ስንስቅ ቆየን። ተራችን ሲደርስ ግን ሳጥን ፊት ተቀምጠን ላብ ያጠምቀን ነበር፤ እኔ እንኳ ስሜን ተሳስቻለሁ።

ስገባ አንገቴን ደፍቼ ነበር የገባሁት። ሌላ አላውቅም፤ ከእናቴ የተማርኩት ታላቅ ፊት ዓይንን መስበር ነው። አራጋው አጨበጨበና አስቆመኝ።

«ውጪ። እንደገና ግቢ። እናትሽ ያስተማረችሽን ጨዋነት እደጅ አስቀምጪው። ማንም አይሰርቅሽም፤ ስትወጪ ታነሺዋለሽ።»

አሥር ጊዜ ያህል አስወጥቶ አስገብቶኛል። ከደጋ የመጣች አንዲት ልጅ ደግሞ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ስትባል «ስለ እኔ ምን የሚነገር አለ?» አለች። አራጋው በቁጣ ሳጥኑን በጥፊ መታው። «ምን አለ? አራት ዓመት ሙሉ ቆሎ እየቆረጠምሽ ያነበብሽው አለ! ደብተር የገዛልሽ አባትሽ አለ! እንዴት ምን አለ ትያለሽ?» ልጅቷ አለቀሰች። እሱም ደንግጦ ብርቱካን ልጦ ሰጣት።

ከሁሉ የሚብስብን ግን አንድ ጥያቄ ነበር። «ከሌሎቹ ይልቅ አንቺን ለምን እንምረጥ?» የሚለው። እኛ አገር «እኔ እበልጣለሁ» የሚል ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሁላችንም እንደተማከረ ሰው «እሱንማ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለን እንመልሳለን። ለእኛ ይኸ ጨዋ መልስ ነው። አራጋው ይኸን መልስ ሲሰማ ያብድ ነበር። «እናንተ ታውቃላችሁ ያለ ሰው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሂድ! አያውቁም! ቢያውቁማ አይጠይቋችሁም!» ከዚያ ቁጭ ብሎ ያስረዳናል። ውሸት አትናገሩ፣ ሌላውን አታሳንሱ፣ የምትችሉትን ሥራ ግን በስሙ ጥሩት፤ መዝገብ መያዝ ከሆነ መዝገብ መያዝ እችላለሁ በሉ ይለናል። እኔም ሌሊት አልጋዬ ውስጥ ሆኜ «እችላለሁ፣ እችላለሁ» እያልኩ ስለማመድ እናቴ ልጅቷን ነካት ብላ ጸበል ልትወስደኝ ነበር።

አንድ ኮት ነበረችው፤ ግራጫ፣ ክርኗ ላይ የሳሳች። ቁመቱ ለተቀራረበ ሁሉ ያውሳታል። «ኮቷ አራት ጊዜ ተቀጥራለች። የቀረሁት እኔ ነኝ» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ኮቷን ለብሰው ከተጠየቁት አራቱ ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው።

በጦርነቱ ጊዜ፣ ከተማውን ጥለን በየገጠሩ የገባን ሰሞን፣ ሰው ወርቁንና ቴሌቪዥኑን ሲቀብር አራጋው የኛን የትምህርት ማስረጃ ነበር የቀበረው። የሰፈሩን ምሩቃን ሁሉ ወረቀት ሰብስቦ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ከቶ እናቱ ጓሮ ቀበረው። ስንመለስ የሁላችንም ደረቅ ሆኖ ወጣ። የራሱን ከሁሉ በታች ስላደረገው ጥጉን እርጥበት በልቶት ነበር። ከዚያ ወዲያ ኦሪጅናሉን ባሳየ ቁጥር ያ ቡናማ ጥግ ምን እንደሆነ ለጠያቂ ሁሉ ማስረዳት ግዴታው ሆነ።

ተጠባባቂ ስለሚባለው ነገርም ልንገራችሁ። ውጤት ሲለጠፍ ከአላፊው ሥር ሁለተኛ የወጣው ሰው ስም «1ኛ ተጠባባቂ» ተብሎ ይጻፋል። ያለፈው ሰው ካልመጣ፣ ወይም በስድስት ወር ውስጥ ሥራውን ከለቀቀ፣ ያለ ሌላ ፈተና ተጠባባቂው ይተካል። ስድስት ወሩ ካለፈ ግን ተጠባባቂነቱ ይሞታል፤ ማስታወቂያ እንደገና ይወጣል። አራጋው አንደኛ ተጠባባቂ ያልሆነበት ሰሌዳ የለም። መርሳ ላይ ሆኗል፣ ወልድያ ላይ ሆኗል፣ ውርጌሳም ሆኗል። የሰው ስም ከላይ፣ የእሱ ከታች። አንድም ጊዜ ግን ከላይ ያለው ለቆለት አያውቅም።

ከውስጥ ወሬ አምጥቶ «አንተ ነህ አሉ» የሚለውን ሰው አጥብቆ ይጠላ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲህ ተብሎ አምኖ፣ ውርጌሳ ድረስ ሄዶ ለእናቱ አበሠረ። በሦስተኛው ቀን የሌላ ሰው ስም ተለጠፈ። ይኸን የነገረኝ ምስጋናው ነው፤ እሱ ራሱ ተናግሮት አያውቅም። ለእኛ የሚለን ይኸን ብቻ ነበር። «ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ በዓይናችሁ እስክታዩት ድረስ ሥራ አገኘሁ እንዳትሉ። ለእኔም እንዳትነግሩኝ።» አንዱ ልጅ ይኸን ረስቶ ከቢሮ የሰማውን በጆሮው ሹክ ቢለው ከዓመት በላይ አኮረፈው።

ከዚያ ያ መደብ ወጣ። መርሳ፣ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ሰው ብቻ የሚፈልግ፣ በማኔጅመንት የተመረቀ፣ ዜሮ ዓመት ልምድ። ጮክ ብሎ አነበበውና ወደ እኔ ዞሮ «ጠላቴ፣ ቀኑ ደረሰ» አለኝ። ሁለታችንም ተመዘገብን። እኔን ማሠልጠኑን ግን አላቆመም። እንዲያውም ባሰበት፤ ከሥራ ሲወጣ በእጁ ላይ ያለውን የማንጎ ወተት ሳይታጠብ እናቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠይቀኛል። እናቴ አንድ ቀን በግልጽ ጠየቀችው። «አንተ ልጅ፣ ቦታው አንድ ነው ይላሉ። እሷን አስተምረህ አንተ በምን ልትገባ ነው?»

«እሷ ከጎበዘች እኔም እጎብዛለሁ፣ እማማ» አላት። እናቴ አላመነችውም።

የቃለ መጠይቁ ቀን እኔ ቀድሜ ገባሁ። ያ ጥያቄ መጣ። ዓይኔን ሳልሰብር የምችለውን በስሙ ጠራሁት። ስወጣ እሱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊቴን አይቶ «አልሽው?» አለኝ። «አልኩት» አልኩት። ደስ ብሎት ገባ። እሱ ውስጥ የመለሰውን የሰማሁት ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። ሰብለ የምትባል የሰው ሀብት ጸሐፊ ከጠያቂዎቹ ጋር ተቀምጣ ቃለ ጉባኤ ትይዝ ነበር። አራጋው ሌላውን ሁሉ ጥያቄ አንደኛ መልሶ፣ «ከሌሎቹ አንተን ለምን እንምረጥ?» ሲባል እጁን ወደ ኪሱ ከቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እሱን እናንተ ታውቃላችሁ» አለ አለችኝ። ሁሌም እንዲሁ ነበር ለካ። ለእኛ ያስተማረውን አንድም ቀን ለራሱ ብሎት አያውቅም። ስሜ ከላይ ተለጠፈ፤ የእሱ ከታች።

ሥራ ከገባሁ በኋላ አርብ አርብ በቢሮዬ መስኮት ብቅ ይል ነበር።

«አልለቀቅሽም?»

«አልለቀቅኩም።»

«አልሞትሽም?»

«አልሞትኩም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይሄዳል። ሰብለ ትስቅ ነበር። እኔ ግን ቀኑን ቆጥሮ እንደሚመጣ አውቅ ስለነበር መሳቁ ያስቸግረኝ ጀመር።

በአምስተኛው ወር ወልድያ የተወዳደርኩበት የተሻለ ቦታ «አልፈሻል፣ ደብዳቤሽ በቅርብ ይደርስሻል» ብሎ በስልክ ነገረኝ። የመርሳውን በዚያው ሳምንት ብለቅለት ኖሮ አራጋው ይገባ ነበር። ይኸን አውቃለሁ። ሄጄ አማከርኩት። ሳጥን እየቸነከረ ነበር፤ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ደብዳቤው በእጅሽ ነው?»

«አይ፣ በስልክ ነው የነገሩኝ።»

«እንግዲያ ምን አማከርሽኝ? ያስተማርኩሽ ምንድነው? አዲሱን ደብዳቤ ሳትይዢ የድሮውን አትልቀቂ። ስልክ ወረቀት አይደለም።»

«አንተስ?»

«እኔን ተይኝ። እኔ የለመድኩት ነው» አለና መዶሻውን አነሣ። እጁን ከጎድኑ ሥር አድርጎ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እውነቱን ልናገር፤ ይኸን እንደሚለኝ አውቄ ነው የጠየቅኩት። ራሴ ወስኜ ብቆይ ይቆጨኛል፤ እሱ ቆዪ ካለኝ ግን ኃጢአቱ የእሱ ይሆናል ብዬ ነው። ስድስት ወሩ ሞላ። ደብዳቤዬ የመጣው ከሞላ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ለቅቄ ወልድያ ገባሁ፤ የመርሳው መደብ እንደገና ማስታወቂያ ወጣበት። አራጋው ሰሌዳው ላይ ሄዶ እንደ ወትሮው ጮክ ብሎ አነበበው አሉ። ገለበጠውና ሊመዘገብ ሄደ።

ለዚያ ቃለ መጠይቅ ሲዘጋጅ በጠና ታሞ ነበር። ምስጋናው እንደነገረኝ አብሽ እየጠጣ ውሎ እሱንም ያስመልሰው ነበር። ወልድያ ሄደህ ታይ ሲሉት «ረቡዕ ኢንተርቪው አለብኝ፣ ሐሙስ እሄዳለሁ» አለ። ሐሙስ አልሄደም፤ ውጤት ሲለጠፍ መርሳ መገኘት አለብኝ አለ። ውጤቱ ደግሞ አልወጣ አለ፤ የሚፈርመው ኃላፊ ስብሰባ ሄዷል ተባለ። በአሥረኛው ቀን ሳጥን ተሸክሞ ሳለ ወደቀ። ምስጋናው ሹፌሩን ለምኖ በዚያው በሚጭኑት አይሱዙ ጋቢና አስተኝቶ ወልድያ አደረሰው። ሐኪሞቹ ቆስሎ የኖረው ጨጓራው ተበስቷል፣ ቆይቷል አሉ። ቀዶ ጥገና ተደረገለት።

ቅዳሜ ሰብለ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሺ፣ አራጋው አንደኛ ወጥቷል» አለችኝ። «ሁሉም ፈርመዋል፣ የኃላፊው ብቻ ነው የቀረው። ሰኞ ወይ ማክሰኞ ይለጠፋል። ከእኔ እንዳልሰማሽ።» ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከራሴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ መሰለኝ፤ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለራሴም ነው ደስ ያለኝ።

እሁድ ሄድኩ። ቀና ብሎ ትራስ ተደግፎ ነበር፤ ፊቱ መንምኗል፣ ዓይኑ ግን ጥሩ ነበር። ምስጋናው ጎኑ ቁጭ ብሎ ያስታምመዋል። ነርሷ እየተሻለው ነው አለችን። አራጋው አጠገቡ የተኛውን ልጅ በአገጩ እያሳየኝ «ይኸ ልጅ በአካውንቲንግ ተመርቋል። ከትናንት ጀምሮ እየጠየቅሁት ነው፤ ተኝቶም ዓይኑን ይሰብራል» አለኝ። ሳቅን።

«ያ ጥያቄ መጣ?» አልኩት።

«መጣ።»

«እናንተ ታውቃላችሁ አልካቸው?»

«አላልኩም። ሆዴ እየቆረጠኝ ነበር፤ ለጨዋነት ጉልበት አጣሁ። ቀና ብዬ 'ሥራውን እችለዋለሁ' አልኳቸው። ሌላ ምንም አልጨመርኩ።»

«በቃ?»

«በቃ። እሱን ለማለት አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።» ከዚያ መስኮቱን እያየ «ግን እንጃ፤ ዘንድሮም ተጠባባቂ ነኝ መሰለኝ። ከጠያቂዎቹ ሁለቱ እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ» አለ።

እዚህ ላይ ነበር መናገር። አፌን ከፍቼ ነበር። ወሬ ሹክ ብሎት ዓመት ያኮረፈው ልጅ ትዝ አለኝ። ሰብለ ትዝ አለችኝ። ሰብሳቢው ሐሳቡን ቢለውጥስ? ኃላፊው ባይፈርምስ? እንደገና ተስፋ ሰጥቼ ብቀማውስ አልኩ። ይልቅ ማክሰኞ ሲለጠፍ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ አመጣለታለሁ፤ ማኅተሙን በዓይኑ ይየው አልኩ። ፎቶውን ሳሳየው የሚሆነውን ፊት እያሰብኩ በልቤ ደስ እያለኝ ነበር። «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩት። «እሱማ ያውቃል» አለኝ። ጭማቂ አስቀምጬለት፣ ግንባሩን ስሜው ወጣሁ።

ሰኞ ትኩሳቱ ተነሣ። ማክሰኞ ጠዋት ሞተ። ስሙ በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተለጠፈ።

ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ እናቱን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። በሠልስቱ መርሳ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ ሰሌዳውን አየሁት። ስሙ ከላይ ነበር፤ አራጋው ሞላ። ማኅተሙ ግማሽ ስሙ ላይ አርፏል። ከሥሩ አንደኛ ተጠባባቂ ተብላ የተጻፈችው ያቺ የደጋዋ ልጅ ነች፤ ብርቱካን ልጦ የሰጣት። አጠገቤ የቆሙት ልጆች ወረቀቱን ለራሳቸው በዝምታ ያነባሉ፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ አልነበረም። ፎቶ አላነሣሁም። ሌላ መኪና ይዤ ውርጌሳ ሄድኩ።

እናቱ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ መሐል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እማማ ደብሬ ትባላለች፤ ትንሽ፣ ደረቅ ያለች ሴት ነች፣ ፊቷን ነጭታው ቆስሏል። ምስጋናው ማን እንደሆንኩ በጆሮዋ ነገራት። እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«የሺ ማለት አንቺ ነሽ? ስምሽን ያነሣ ነበር» አለችኝ። «ይኸ ልጅ አንድ ነገር ይለኛል። አራጋው ሥራ አገኘ፣ አንደኛ ወጣ ይለኛል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው እማማ። አሁን በዓይኔ አይቼው መጣሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

ያን ጊዜ እዋሻታለሁ ብዬ ነበር። ቁስሏን አይቼ አልቻልኩም።

«አያውቅም ነበር እማማ። እኔ ግን አውቅ ነበር። እሁድ ስጠይቀው አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ልጄ?»

«ሰሌዳ ላይ ገና አልወጣም ነበር።»

«የምን ሰሌዳ?»

«ስም የሚለጠፍበት ነው። እዚያ ላይ ሳይወጣ አትንገሩኝ ይለን ነበር፤ በፊት በውሸት ወሬ ስለተጎዳ...»

እጄን ለቀቀችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ እንደ ተማሪ ነበር ነገሩን ለመረዳት የምትጥረው።

«ያን ጊዜ ተቀጠርኩ ብሎ ሲመጣ በግ አርጄ ነበር» አለችኝ። «ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ጠላው አልቆ እንደገና ተጠመቀ። ውሸት ሆኖ ቀረ፣ ይሁን። እኔ ግን ልጄን ሦስት ቀን ሲስቅ አይቼዋለሁ። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ጓሮውን እየዞረ ያፏጭ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም። የውሸቱ ሦስት ቀን ከሰጠው፣ የእውነቱ አንድ ቀን እንኳ ለምን ይከልከል?»

ሴቶቹ እንደገና ማልቀስ ጀመሩ። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ ፊቴን እያየች መልሴን ትጠብቅ ነበር።